ቪትዜ ላይ ሰፊ ጎማ አስገጥሜ 11 ወር ነዳሁ

መጀመሪያ እውነቱን ላውጣ። ሰፊ ጎማ ያስገጠምኩት መኪናዬ መንገድ ትያዝልኝ ብዬ አይደለም። ስለሚያምር ነው። ቪትዝ ያለው ሰው ይገባዋል፤ ከፊት ስታዩዋት ደህና ናት፣ ከጎን ግን ጎማዎቿ ቀጥነው ወደ ውስጥ ገብተው የታናሽ እህቷን ጫማ ተውሳ ሰርግ የመጣች ትመስላለች። ይሄ ነገር ዓመት ሙሉ ሲከነክነኝ ቆየና አንድ ቅዳሜ የፍሬን ሸራ ልገዛ ሶማሌ ተራ ሄጄ በአራት ቸርኬና በአራት ጎማ ተመለስኩ። የፍሬን ሸራውን ረሳሁት።

ዋጋውን አልጽፍም፤ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይለወጣል። የጎማውን ስምም አልጠራም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው ሳይሆን የኔ ምርጫ ነው። የምጽፈው ስለ ስፋት ብቻ ነው። ጎማ 30 ሚሊሜትር ሲሰፋ መኪናዋ ምን ትሆናለች? ይሄን ነው ከመስከረም እስከ ነሐሴ በራሴ ኪስ ያጠናሁት።

መኪናዋ ሁለተኛው ቅርጽ ቪትዝ ናት፣ ጃፓን ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር 2005 ላይ የወጣችው፣ 1 ሊትር ሞተር፣ ሦስት ሲሊንደር። ከሀገሯ ለብሳ የመጣችው 165/70R14 ነው። ለማያውቅ፦ 165 የጎማው ስፋት ነው በሚሊሜትር፣ 70 የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው፣ 14 የቸርኬው መጠን በኢንች። እኔ ያሰርኩት 195/50R15። እኔ ያየሁት 195ቱን ነው፣ ሻጩም እሱን ነው ደጋግሞ የጠራልኝ። መሃል ላይ ያለችውን 50 ማንም አላነሳትም።

አስሉት እስቲ። የድሮው ጎማ ጎን 165 ሲባዛ በ0.70፣ 115 ሚሊሜትር ተኩል። የአዲሱ 195 በ0.50፣ 97 ተኩል። 18 ሚሊሜትር ትራስ ከየጎማው ላይ ተቀንሷል። ሰፋልኝ ብዬ ስጨፍር ሳስቶብኝም ነበር። ጠቅላላ ቁመቱም ከ587 ወደ 576 ሚሊሜትር ገደማ ወርዷል፤ መኪናዋ 5 ሚሊሜትር ዝቅ አለች፣ የፍጥነት መለኪያው ደግሞ ከበፊቱ ወደ 2 በመቶ አብልጦ ያነባል። ይሄኛው ብዙም አይጎዳም። ትራሱ ግን ይጎዳል፤ እመለስበታለሁ።

ሻጩ ልጅ "ብራዘር፣ ይሄን ካሰርክ መሬት ላይ ትጣበቃለች" አለኝ። "በዝናብስ?" አልኩት። "በዝናብማ ጭራሽ!" አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ወር ጫጉላ ነበር። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ የሚያወጣውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ኩርባ በኩርባ ነው። በድሮው ጎማ እዚያ ስወርድ መሪውን አዙሬ መኪናዋ እስክትሰማ ትንሽ እጠብቅ ነበር፤ መጀመሪያ መሪው ይዞራል፣ ቀጥሎ የጎማው ጎን ይታጠፋል፣ ቀጥሎ ቦዲው ያጋድላል፣ ከዚያ ነው "እሺ" የምትለው። በአዲሱ ያ ሁሉ ጠፋ። መሪውን ነካ ሳደርገው አፍንጫዋ ዞረ። ጎማው ሲያለቅስበት የነበረ ኩርባ ላይ ድምፁን አጠፋ። ባለቤቴ ስለ መኪና ግድ የላትም፣ እሷ እንኳን "ዛሬ ምን ሆናለች፣ አትወዛወዝም" አለች። እኔ በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳምንት ሙሉ ኖርኩባት።

በደረቅ አስፋልት ፍሬኗም ተሻሽሎ ነበር። ግን እዚህ ላይ ራሴን ልታዘብ፤ ያወጣሁት ጎማ የተላጠ ነበር፣ ያስገባሁት አዲስ። ከተላጠ ጎማ ጋር ሲወዳደር ማንኛውም አዲስ ጎማ ጀግና ነው። "ሰፊ ጎማ አስሬ ፍሬኔ ተስተካከለ" የሚል ሰው ስሰማ አሁን የምጠይቀው የድሮው ጎማህ ጥርስ ነበረው ወይ ብዬ ነው።

ሰፈራችን ያሉት ጎሚስታ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጎማ ሲያወልቁ የኖሩ። መኪናዋን ወሰድኩላቸው። ነፋስ ልሞላ ነበር የሄድኩት፣ እውነቱን ካላችሁ ግን ልኩራራ። ዞር ዞር ብለው አዩና "አማረብህ" አሉኝ። ቀጥለው "ግን ምን ያህሉ ነው መሬት የሚነካው?" አሉ።

"ሰፊ ነዋ ጋሼ፣ ከበፊቱ የበለጠ ይነካል" አልኩ።

ሳቁ። ከዚያ ያደረጉትን አልረሳውም። ክሪክ አስገብተው አንዱን የፊት ጎማ አነሱ። በአሮጌ ብሩሽ የተቃጠለ ዘይት ጎማው ላይ ቀቡ፣ ከሥሩ የካርቶን ቁራጭ አነጠፉ፣ ክሪኩን ለቀቁት። መልሰው ሲያነሱ ካርቶኑ ላይ ጥቁር አሻራ ቀርቷል፣ የጥርሱ ቦይ ሳይቀር ይታያል። ስኮርታ (መለዋወጫ) አድርጌ ያስቀረሁትን 165 አወጡና እዚያው ቦታ አስረው ያንኑ ደገሙት። ሁለቱም 32 ነፋስ ነው የተሞሉት፣ በፒኤስአይ፣ በጎሚስታ ቤቱ የግፊት መለኪያ ማለት ነው። ካርቶኖቹን ጎን ለጎን አድርገው ሜትር ሰጡኝና "ለካ" አሉ።

የ165ቱ አሻራ ወደ 12 ሴንቲሜትር ስፋት፣ ወደ 12 ርዝመት። የ195ቱ 15 ተኩል ስፋት፣ 9 ተኩል ርዝመት። ስታባዙት አንዱ 144፣ ሌላው 147።

"ሦስት ካሬ ሴንቲሜትር ገዛህ" አሉኝ። ያቺ ሦስትም ካርቶኑ ላይ ዘይቱ ሲሰራጭ የመጣች ሳትሆን አትቀርም።

ቤት ገብቼ ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው። መኪናዋን የተሸከማት ጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ ነው። አንድ የፊት ጎማ ላይ ወደ 300 ኪሎ ካረፈና ነፋሱ 32 ከሆነ፣ ያንን ክብደት ለመሸከም የሚያስፈልገው ቦታ ያው ነው፣ ጎማው ሰፋም ጠበበም። የጎኑ ግትርነት ትንሽ ያዛባዋል እንጂ ታሪኩን አይቀይረውም። የሚቀየረው ቅርጹ ነው። ቀጭኑ ጎማ አሻራው ወደ ፊት ይረዝማል፣ ሰፊው ወደ ጎን ይዘረጋል።

ታዲያ እንጦጦ ላይ የተሰማኝ ነገር ውሸት ነበር? አይደለም። መሪ ስታዞሩ ቸርኬው ቀድሞ ይዞራል፣ መሬት የያዘው ላስቲክ ግን ወደ ኋላ ይጎተታል፤ መሃል ላይ ያለው ጎን ይጣመማል። ጎኑ አጭር ከሆነ የሚጣመም ነገር የለውም፣ መሪው ያለው ወዲያው መሬት ይደርሳል። አሻራው ወደ ጎን መዘርጋቱም ይረዳል። መኪና ኩርባ ላይ ስታጋድል ክብደቱ ወደ ውጨኛው ጎማ ይሄዳል፣ ላስቲክ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ በጣም ሲጫኑት በጭነቱ ልክ አይዝም፤ ሸክሙ ወደ ጎን ሲከፋፈል ይሻለዋል። ሙቀትም አለ። ሰፊ ጎማ ሙቀቱን በብዙ ላስቲክ ላይ ስለሚያካፍል ፋብሪካው ለስለስ ያለ ላስቲክ ሊጠቀም ይችላል፣ የሚይዘው ደግሞ ለስላሳው ነው። የውድድር መኪኖች ላይ የምናየው ይሄንን ነው፤ ፎርሙላ 1 በ2017 የኋላ ጎማውን ከ325 ወደ 405 ሚሊሜትር ሲያሰፋ መኪኖቹ ኩርባ ላይ በሚታይ መጠን ፈጠኑ። የክንፉ ንድፍም አብሮ ተቀይሯል፣ ሁሉንም ለጎማው አልሰጥም። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እነሱ ገብተው ጎማ ይቀይራሉ። እኔ የት ገብቼ?

እና የኔ ጎማ ለስላሳ ነበር? አልነበረም። ጎኑ ላይ ትሬድዌር የሚል ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ጎማው ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ይይዛል፤ ትልቅ ሲሆን ብዙ ይቆያል፣ በአብዛኛው የመያዝ አቅሙ ግን ይቀንሳል። የኔ 500 ይላል። የስፖርት ጎማዎች 200 እና 300 አካባቢ ናቸው። ማለት የሯጭ ጫማ መስሎኝ የዘበኛ ቦት ጫማ ነው የገዛሁት፣ በረባሶ ባልል ነው።

ጫጉላው ሲያልቅ ትንንሽ ነገር መጣ። ከ80 በላይ ስነዳ መሪው ይንቀጠቀጣል። ባላንስ አስደረግሁ፣ አልተሻለም። ሌላ ቦታ ሄጄ እንደገና አስደረግሁ፣ አልተሻለም። መጨረሻ ላይ ችግሩ የተገኘው ቸርኬው መሃል ያለው ቀዳዳ ላይ ነው። የቪትዝ ሞዞ፣ ቸርኬው መሃሉ የሚገባበት ብረት፣ 54.1 ሚሊሜትር ነው፣ የኔ ቸርኬ ቀዳዳ ከዚያ ይሰፋል፤ አራቱ ቡሎን ልክ ስለሆነ ብቻ "ገጠመ" ተብሎ ታስሮ ነበር። ክፍተቱን የምትሞላ ቀጭን የፕላስቲክ ቀለበት አለች፣ አራት ቀለበት ገዛሁ፣ መንቀጥቀጡ በዚያው ቀን ጠፋ። ቸርኬ ስትገዙ ይሄንን ጠይቁ። ሻጩ ካልገባው ሌላ ሱቅ ሂዱ።

መሪው ከበደ። መኪናዋ ስትቆም ማዞር ላይ ነው የሚታወቀው፣ ሰፊውን አሻራ መሬት ላይ ማሸት ስለሆነ። ይሄ ይለመዳል። ያልለመድኩት ከባድ መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ ያለውን ነው። ሲኖትራክ የጎረጎደው አስፋልት ላይ ሁለት ሰርጥ ታውቃላችሁ፣ ከቃሊቲ ወዲያ ሞልቷል። ቀጭን ጎማ እዚያ ሰርጥ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ሰፊው አንድ ጠርዙ ሰርጥ ውስጥ፣ ሌላው ጠርዙ ጉብታው ላይ ይሆንና መሪውን ከእጃችሁ ይነጥቃል፤ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ። ሰክሬ የምነዳ የመሰለው ትራፊክ ካለ አልፈርድበትም።

ነዳጅም ጨምሯል። ባለ 1 ሊትር ሞተር እኮ ናት። ትልቁን ቸርኬ ከነጎማው በእጃችሁ ስታነሱት ክብደቱ ይታወቃል፣ እሷ ደግሞ አራቱን በየመብራቱ ከዜሮ ታስነሳለች።

ኅዳር ላይ ጉድጓዱ መጣ። ኮሪደር ልማት እየተሠራ ያለ መንገድ ላይ፣ ማታ፣ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ ጠርዝ። ፍጥነቴ 40 ቢሆን ነው። ድምፁን ስሰማ ሆዴ ነው የተመታው። በማግስቱ የጎማው ጎን ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት፣ ቸርኬውም ከንፈሩ ተጣሟል። የድሮው 115 ሚሊሜትር ጎን ቢሆን ያችን ምት ውጦ ያልፋት ነበር፣ ጎሚስታው እንዳሉት "ድሮ ጎማው ነበር የሚታጠፈው፣ አሁን ቸርኬህ።" ቸርኬው ተቃንቶ ተመለሰ። ያበጠ ጎማ ግን አይጠገንም፣ ውስጡ ያሉት ክሮች ተበጥሰዋል ማለት ነው፤ "ትንሽ ናት፣ ትነዳዋለህ" የሚላችሁን ሰው አትስሙ። አንድ ጎማ ብቻውን ስፈልግ ያው ዓይነት ጠፋ፣ ሁለት ገዛሁ።

እስከዚህ ድረስ ግን ጎማዎቹን እወዳቸው ነበር። ያስጠላኝ ነሐሴ ነው።

ከባለቤቴ ጋር አዳማ ለቅሶ ልንደርስ በቱሉ ዲምቱ በኩል ፈጣን መንገዱ ላይ ወጣን። ደመናው ከብዷል ግን አልጣለም። ወደ ሞጆ ስንቃረብ በአንዴ ወረደ፣ ማጽጃው የማይችለው ዓይነት። 95 ላይ ነበርኩ፤ ቀንሼ ነው 95 የሆንኩት፣ እንደ ጨዋ ሰው። መንገዱ ትንሽ የተኛበት ቦታ ላይ ውሃ ተኝቷል። ስገባበት መሪው እጄ ላይ ባዶ ሆነ። ሌላ ቃል የለኝም፣ ባዶ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማዎቹ የሚይዙት አጥተው በራሳቸው ስለዞሩ። እግሬን ከነዳጅ ላይ አነሳሁ፣ ፍሬን አልነካሁም፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ ጠበቅኩ። አንድ ሰከንድ ተኩል ቢሆን ነው። ጎማዎቹ መሬት ሲያገኙ መኪናዋ ወደ ግራ ዘለል አለችና ተስተካከለች። ባለቤቴ "በስመ አብ!" አለች፤ እስከ አዳማ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ካርቶኑ ትዝ አለኝ። 15 ተኩል በ9 ተኩል። ጎማ ውሃ ላይ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን ውሃ ወደ ጎን ገፍቶ መሬት ማግኘት አለበት። ቀጭኑ ጠባብ መንገድ ነው የሚከፍተው፣ አሻራውም ረጅም ስለሆነ ፊቱ ውሃውን ሲገፋ ኋላው ደረቅ ይረግጣል። ሰፊው ብዙ ውሃ መግፋት አለበት፣ ለዚያውም በአጭር ርዝመት፣ በአጭር ጊዜ። ካልቻለ ይወጣበታል፣ እንደ ጀልባ። በ1960ዎቹ የናሳ ሰዎች ለአውሮፕላን ጎማ ያወጡት ስሌት አለ፤ የነፋሱን ቁጥር ስኩዌር ሩት ወስዶ በ10.35 ማባዛት ነው፣ የሚወጣው የሚንሳፈፉበት ፍጥነት በማይል። በ32 ነፋስ ስታሰሉት 94 ኪሎሜትር በሰዓት ገደማ ይመጣል። ነፋሱ ወደ 24 ከወረደ 82 አካባቢ። ኋላ ላይ የአሻራውንም ቅርጽ ጨምረውበታል፣ አጭርና ሰፊ የሆነ ቀድሞ ይንሳፈፋል። ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ ከዚህ ይሻላል። የኔ ግን 11 ወር የበላው ጥርስ ነው፣ እኔ ደግሞ 95 ላይ።

ስለዚህ "በዝናብማ ጭራሽ" ያለው ልጅ እውነቱን ነው፣ እኔ ነኝ በተቃራኒው የሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ቀጭን ጎማን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አባቴ ቮልስ ነበረው። የቮልስ የጥንቱ ጎማ 5.60-15 ነው፣ 5.60 ኢንች ማለት 142 ሚሊሜትር፣ ከቪትዝም የቀጠነ። በክረምት እሷ ያልወጣችው ጭቃ አላስታውስም። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ጎትቶ የሚያወጣው እግር ላይ ተቀምጧል፣ ቀጭኑ ጎማ ደግሞ ለጋውን ጭቃ ቆርጦ ጠንካራው ላይ ይደርሳል። የስዊድን የበረዶ ራሊ መኪኖችም በቀጭን ጎማ ነው የሚወዳደሩት፣ ምክንያቱ ያው ነው፣ በረዶውን በስቶ መውረድ። አሸዋ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ መስመጥ አትፈልጉም፣ መንሳፈፍ ነው፣ ስለዚህ ሰፊ ጎማና ቀነስ ያለ ነፋስ። ቢኤምደብሊው አይ3 የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና 155/70R19 ለብሶ ነው የወጣው። ያን ስም የያዘ መኪና 155 ካላሳፈረው የኔ ቪትዝ በ165 ማፈሯ ምን ነክቷት ነው።

አሁን ያሰርኩት 175/65R14 ነው፣ በራሷ የብረት ቸርኬ ላይ። 10 ሚሊሜትር ብቻ ሰፋ፣ ጎኑ 114 ገደማ ነው፣ ጠቅላላ ቁመቱም ከድሮው በ4 ሚሊሜትር ቢያንስ ነው። የላስቲኩን ልስላሴ አይቼ ነው የገዛሁት፤ የምርት ቀኑንም አይቼ። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለ፣ ለምሳሌ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጋዘን ውስጥ የደረቀ "አዲስ" ጎማ ሞልቷል። እንጦጦ ላይ እንደ 195ቱ አትቀብጥም፣ መሪው ትንሽ ይዘገያል። በዝናብ ግን ሰርጡም ውሃውም ላይ ልቤ ቦታው ነው። ቀለበት መንገድ ላይ አንድ ድንገተኛ ፍሬን ይዤ ነበር፣ በእርጥብ፣ ከ195ቱ ባጠረ ርቀት የቆመች መሰለኝ። በሜትር አልለካሁትም፣ ከፊቴ ያለውን ሚኒባስ ግን አልነካሁትም።

ስለ ነፋስ አንድ ቅሬታ አለኝ። ለምንድነው ሁሉም ቦታ ሳይጠይቁ 40 የሚሞሉት? የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ጉንጩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ ስንት እንደሚሞላ ይናገራል። 40 ሲሆን አሻራው ይጠባል፣ መሃሉ ብቻ ይበላል። ስንቱ ነው ስፋት ፍለጋ ብሩን አፍስሶ በነፋስ የሚጥለው።

ሰፊዎቹን በቴሌግራም ለሽያጭ አወጣኋቸው። በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት መጣ፣ ነጭ ቪትዝ ይዞ፣ የኔ ታናሽ። ሁሉንም ነገርኩት። ቸርኬው አንዴ ተቃንቷል አልኩት፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል አልኩት፣ ካርቶኑን ሳይቀር አውጥቼ አሳየሁት፣ እስካሁን አልጣልኩትም። በጥሞና አየው። ጣቱን አሻራው ላይ አድርጎ ርዝመቱን ለካ። ከዚያ ቀና ብሎ "ግን ያምራል አይደል?" አለኝ።

"ያምራል" አልኩት። ብሩን ቆጠረልኝ፣ ቀለበቶቹን በነፃ ጨመርኩለት።